የጉና ነዳጅ

ነዳጅ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጌጡ ከጉና ተራራ ሥር ባለ ምንጭ ዳር ተንበርክኮ ውኃው ላይ የሚያብረቀርቀውን ቅባት ትኩር ብሎ ቢያየውም መለየት አልቻለም። ካይሮ አብሮት የተማረው አደም ግን «ነዳጅ አገኘሁ» የሚል ቴሌግራም በራሱ ስም ብቻ ጽፎ ጨርሷል። አገሩን የያዙት ጣሊያኖች ለነዳጅ ፍለጋ ሲቀጥሯቸው፣ የሐሰት ወሬ ያመጣ እንደሚታሰር ነግረዋቸው ነበር።

«ቆይ፣ ልፈትሸው» አለ ጌጡ።

«አንተ እስክትፈትሽ እኔ ሹም እሆናለሁ። ቅናትህን እዚሁ እጠበው» አለና አደም በቅሎውን ወደ ደብረ ታቦር ነዳ።

አደም ካይሮ የድንጋይ ዓይነት መለየት ሲማሩም ድንጋዩን ሳያነሳ ስሙን የሚናገር ሰው ነበር። ይታሰር፣ አለ ጌጡ በልቡ።

ወዲያው አንዲት ሴት ቅባታም ማሰሮ ይዛ መጥታ ምንጩ ውስጥ ነከረችው። ያው ቅባት ተንሳፈፈ።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«የኑግ ዘይት ነዋ፣ ጌታው። ጾም ገብቶ የለ? የመንደሩ ማሰሮ ሁሉ እዚህ ነው የሚታጠበው። እርስዎ አይጾሙም?» ብላ ከጫማው እስከ ባርኔጣው አየችው።

ጌጡ ወረቀት ቀደደ። «ደደብ» ብሎ ጀመረና ሰረዘው። «የኑግ ዘይት ነው፤ አትላክ» ብሎ ወደ ከተማ በሚወርድ ነጋዴ እጅ ላከለት። ነጋዴው ሲመለስ ወረቀቱን ለአደም በእጁ እንደሰጠው ነገረው። «አንብቦ ‹ቅናት ነው› አለና ቀደደው፤ ቴሌግራሙንም ላከ» አለው።