ቫልቩ ሲቀላ

«የጊታርሽን ገመድ ንቀይው አልኩሽ እኮ» አለች ታላቂቱ፣ ከተከፈተው ሳጥን ላይ ቀና ሳትል። «ባያስ የሚስተካከለው በጸጥታ ነው። አንዲት ክር ከነካሽ ልኩ ይዛባብኛል።»

ታናሺቱ ገመዱን ነቅላ ጊታሯን ጭኗ ላይ አጋደመች። እናታቸው ከጎኗ ተቀምጣለች፤ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን ሁለቴ በመሃረቧ አራግፋዋለች። ታላቂቱ ይህችን የሬዲዮ መጠገኛ ክፍል ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እናቷ ደጃፉን ረግጣው አታውቅም። አንድ ጊዜ ጉልበቷን ያማታል፣ ሌላ ጊዜ መንገዱ ይርቃታል። ዛሬ ግን ጉልበቱም ዳነ፣ መንገዱም ቀረበ። ለምን ቢሉ፣ ታናሺቱ ሚጡ ቅዳሜ መድረክ ላይ ይዛው የምትወጣው የጊታር ድምፅ ማጉያ የሚሞከርበት ቀን ነዋ።

ማጉያውን ከባዶ ተነስታ የሠራችው ታላቂቱ ናት። ስምንት ወር ፈጅቶባታል። ሳጥኑን ከአሮጌ ቁም ሳጥን በር ቆርጣ ገጠመች፤ ሽቦውን አንድ በአንድ በስታኞ በየደችው። ሁለቱን ትልልቅ የመስታወት ቫልቮች ደግሞ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ማሽን ላይ፣ ዘበኛውን ደጅ ጠንታ ነው ያገኘቻቸው። ምትክ የላቸውም። እነሱ ከሄዱ ሄዱ ነው።

እህቷን ትወዳታለች፤ ይሄ ይታወቅላት። ቅናት ግን ፈቃድ ጠይቆ አይገባም።

ባያስ የሚሉት ቫልቩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚጠጣው የኤሌክትሪክ ልክ ነው። ሲያንሰው ድምፁ ይሻክራል፣ ሲበዛበት ራሱን በራሱ ይበላል። የእነዚህኞቹ ልክ ሠላሳ አምስት ነው፤ መለኪያው ቴስተር ሃያ ሁለት ይላል። ግራ እጇን ኪሷ ከተተች። ሁለት እጁን ኤሌክትሪክ ያለበት ሳጥን ውስጥ የሚከት ጠጋኝ ዕድሜው አጭር ነው። በቀኟ ካቻቪቴውን ይዛ ትንሿን ብሎን ቀስ አድርጋ ማዞር ጀመረች። ሃያ አምስት። ሃያ ስምንት።

«እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ ሚጡዬ» አለች እናትየው። «ይኸው፣ እንጨት ሆኗል። ቅባት ቀቢው አላልኩሽም?»

«እማዬ ደግሞ፣ ጣት ካልደረቀ ጊታር ይያዛል እንዴ?»

«ይሁንልሽ። እኔን ይድረቀኝ።» እናትየው የልጇን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታሻቸው ጀመር።

ታላቂቱ በዓይኗ ጥግ አየች። የእሷ አውራ ጣት ላይ ስታኞ ያቃጠላት አራት ጠባሳ አለ፤ አንዱ ገና አልሻረም፤ ማንም እፍ ብሎላት አያውቅም። ሰው ስለ ሁለቱ ሲያነሳባት እናታቸው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ትላለች። ስትል ግን ዓይኗ ሚጡ ላይ ነው። እጇ ማዞሩን አልተወም፤ ዓይኗ ግን ቴስተሩ ላይ አልነበረም።

«ውይ፣ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናትየው። «እዩትማ፣ እንዴት ያምራል።»

ቫልቭ ሲሠራ ውስጡ ትንሽ ብርቱካናማ ብርሃን አይጠፋውም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ በአንደኛው ውስጥ ግራጫው ብረት እንዳለ ፍም መስሏል። ታላቂቱ ቴስተሩን አየች፤ ሰባ ስምንት። ይህን ቅላት የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቫልቭ እንዲህ የሚቀላው ሊሞት ሲል ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ አበቃለት፤ የሚጡም ቅዳሜ አብሮ አበቃ። ለማዳን ደግሞ ብሎኑን ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ይበቃል።

እናትየው የሚጡን እጅ ለቃ ተነሳች። ቅላቱ በደንብ እንዲታያት መጋረጃውን ጋረደችው። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ መጣችና ከታላቂቱ ትከሻ አጠገብ ተቀመጠች።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«እኔ እኮ ሬዲዮ እየፈታሽ የምትገጥሚ ነበር የሚመስለኝ» አለች እናትየው። እጇን የልጇ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «ለካስ ባለሙያ ወልጄ ኖሯል።»

ታላቂቱ ቀና ስትል የእህቷን ፊት አየች። ሚጡ የተለቀቀ እጇን ክሮቹ ላይ አሳርፋ የእናቷን ጀርባ ታያለች። ከንፈሯ ፈገግ ብሏል፣ ዓይኗ ግን እሺ አላላትም። ታላቂቱ ያን ፊት አሳምራ ታውቀዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ ያየችው የራሷ ፊት ነው። ሊያሳዝናት ይገባ ነበር። ጣፈጣት።

«እታለም» አለች ሚጡ፣ «እንደዛ መቅላት አለበት እንዴ?»

«ቆይ እስቲ አንቺ» አለቻት እናትየው ዞር ሳትል።

ትኩስ አቧራ ይሸት ጀመር። ቴስተሩ ሰማንያ አራት ይላል። ታላቂቱ ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ እንደያዘች ናት፤ ትንሽ ወደ ግራ ብታደርገው ፍሙ ይጠፋል። ሲጠፋ ደግሞ እናቷ የምታየው ነገር አይኖርም። ተነስታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች እናትየው፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ዛሬ ጊዜ አለኝ።»

ታላቂቱ ካቻቪቴውን ከብሎኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸውልሽ እማዬ» አለች። «ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ይታይሻል አይደል?» ብላ ከሶኬቱ ጀመረችላት፤ ቀስ እያለች፣ አንድም ነገር ሳትዘል።