ዶሮ ቤት የተወለደችው

የመተሐራ ፀሐይ ሰው መግደል ከጀመረች ወዲህ የአየር ማቀዝቀዣ የሚፈቀደው ከተማውን ለሚመግቡት ዶሮዎች ብቻ ነበር። ስለዚህ ያየሽና ባሏ ቦሩ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ቤታቸው ውስጥ ተጠልለው ይውላሉ። ሙቀት ያስጨነቀው ዶሮ ከደነገጠ ይሞታልና የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነው። እዚያው የተወለደችው ልጃቸው ሲፈን፣ ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ እንኳ አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅም።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ማቀዝቀዣው ቆመ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከጎናቸው አራቁ፤ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር። ቦሩ ውሃ ሊረጭላቸው ተሯሯጠ። ያየሽ ወደ ልጇ ዞር ስትል ክው አለች። ሲፈንም እጆቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ሳታሰማ እንደነሱ ታለከልካለች።

"ሲፈኔ" አለቻት በሹክሹክታ።

ልጅቱ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየቻት።

ያን ጊዜ ያየሽ ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች። ዶሮዎቹ እየተረጋገጡ ጥግ ላይ ተከመሩ፤ ከሥር የወደቁት አልተነሡም።

"አበድሽ እንዴ? ጨረስሻቸው እኮ!" አለ ቦሩ።

"ዝም ብለህ ስማት!" አለችው፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ውሃውን እያፈሰሰችባት።

ሲፈን እሪ ብላ ታለቅስ ነበር።