የዘገየው ዝላይ

ባሏ «አንቺ እኮ እጅሽ ከዓይንሽ በኋላ ነው የሚነቃው» እያለ ሲስቅባት ስንት ዓመት አንጀቷ አርሯል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጌም በተጫወቱ ቁጥር የሱ ሰውዬ ዘሎ ገደሉን ይሻገራል፣ የሷ ገደሉ ውስጥ ዘጭ ይላል። እሱ ከሞተ በኋላም ብቻዋን ስትሞክረው ያው ዘጭ ነበር። ልጇ ስትደውል ይህንኑ አማረረችላት።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው» አለቻት ልጇ። «ምስሉን አሳምራለሁ ሲል ይዘገያል። ሪሞቱን ያዢና የጆይስቲክ፣ የጌም መጫወቻው ሥዕል ያለበትን ምረጪ።» የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማንበብ ባትችልም ሥዕሉን ፈልጋ አገኘችው። ጆይስቲኩን አንስታ የመዝለያውን ቁልፍ ስትጫን ሰውዬው ወዲያው ዘለለ፤ ገደሉንም ተሻገረ።

«አላልኩሽም? አባትሽ ስሜን ሲያጠፋ ነው የኖረው።»

ልጇ ሳቀች። «እሱም እኮ በዚሁ ቴሌቪዥን ነው የተጫወተው። መዘግየቱን ለምዶት ቀድሞ ይጫን ነበር ማለት ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ገደሉን ደጋግማ ተሻገረችው። ግን «አየህ?» የምትለው ሰው አልነበረም፤ ሶፋው እንኳ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል እንደጎደጎደ ነው። ደግሞስ በተስተካከለ ቴሌቪዥን ብታሸንፈው ምን ማሸነፍ ይባላል? እሱ የቻለውን እሷ ምን ያቅታታል? እልኳ መጣ። ሪሞቱን አነሳችና ቴሌቪዥኑን ወደ ድሮው መዘግየቱ መለሰችው። ከዚያ ተነስታ እሱ ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ሰውዬው ገደሉ አፋፍ ገና ሳይደርስ ቁልፉን ተጫነች።