ዘመድ የሌለው ሣጥን

ቴክኒሻኑ የዕጣ ማውጫው ሣጥን የተፋውን ወረቀት ቀዶ ከትናንቱ ጎን ያስቀምጠዋል። መቶ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ፣ መቶ ሃያ ሁለት። የትናንቱም መቶ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ፣ መቶ ሃያ ሁለት። ጣቱን በሁለቱ ላይ እያስኬደ እስከ ስድሳኛው ቁጥር ይወርዳል። አንድም አልተዛነፈም።

ቴክኒሻኑ ሣጥኑን ያጠፋዋል። ሃያ ቆጥሮ መልሶ ያበራዋል። ሦስተኛው ወረቀት ይወጣል። ያው ነው።

ክዳኑን ይከፍታል። ውስጡ ከጥፍር የምታንስ ቺፕ አለች። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ትንጫጫለች፤ ቀጥሎ ምን እንደምትል የሠራትም ሰው አያውቅም። ቁጥሩ የሚወለደው ከዚያ ጫጫታ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሽቦውን ያስነካታል። ደህና በነበረች ጊዜ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ትመስል ነበር። አሁን ምንም የለም። የገዛ ደሙን ብቻ ይሰማል።

ሞታለች። ጫጫታዋን ተቀብሎ የሚበውዘው ክፍል ግን አልሞተም፤ ያለ እሷም ይበውዛል። በበራ ቁጥር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ያንኑ ቁጥር በዚያው ተራ ያወጣል። አረንጓዴዋ መብራት ሁሉ ሰላም ነው ትላለች። መብራቷን ከቺፗ ጋር ሳይሆን ከሚበውዘው ክፍል ጋር ያገናኛት እሱ ራሱ ነው። ሥራ ይቅለል ብሎ።

ከግድግዳው ማዶ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ያስላል። የወረዳው መቶ አርባ ወጣቶች ከነወላጆቻቸው እየገቡ ነው። ከመቶ አርባው ስድሳው ዛሬ ዕጣ ይወጣባቸዋል፣ ነገ ወደ ግንባር ይጫናሉ።

የቴክኒሻኑም ልጅ እዚያው ነው፤ ቁጥሩ ሰማንያ ስምንት። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ይፈልጋል። የለም። ከታች ወደ ላይ ይፈልጋል። የለም። ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ጥግ ላይ በተቆለፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠባባቂ ማሽን አለ። የዚያኛውን ቺፕ ትናንት አዳምጧታል፤ እንደ ጉድ ትዘንባለች። ለመቀየር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከተቀየረ ግን ሰማንያ ስምንትም እንደ ማንኛውም ልጅ ተመልሶ ዕጣው ውስጥ ይገባል።

በሩ ይከፈታል። ጥበቃው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ሠርተዋል።

«ጋሼ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ አለቀ ወይ ይልሃል። ሣጥንህ ቁርሱን በላ?»

«ትንሽ ይታገሥ በለው።»

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? አሃ፣ ያንተም ልጅ አለበት ለካ። የእኔው ጉድ ፊተኛው ወንበር ላይ ተሰይሟል። ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ፣ አይገርምህም? ማን ቸኩል አለው!» ይስቃል። ብቻውን ነው የሚስቀው።

«ስንት ነው ቁጥሩ?» ቴክኒሻኑ ጥያቄው ያመልጠዋል።

«ሠላሳ አንድ። እናቱ ሰው ፈልግ፣ ሰው ያዝ እያለች አላስተኛችኝም። አንቺ ሴትዮ፣ አልኳት፣ ይሄ በሰው እጅ ያለ ነገር አይደለም። ሣጥኑ ዘመድ የለው፣ ወዳጅ የለው። የሚቆጣጠረው ጋሼ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ አልኳት። ዋሸሁ እንዴ?»

«አልዋሸህም።»

«ተመስገን። ከወጣበትም በዕድሉ ነው፤ የምቀየመው ሰው አይኖርም።»

በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ሠላሳ አንድ ሦስተኛ ነው። ቴክኒሻኑ አጣጥፎ ኪሱ ይከታቸዋል። እጁ እዚያው ኪስ ውስጥ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ያገኛል። ቀዝቃዛ ነው። ይይዘዋል። መዳፉ ውስጥ እስኪሞቅ ይይዘዋል።

«ዝግጁ ነን?» ይላል ሰብሳቢው ከአዳራሹ።

ቴክኒሻኑ ቁልፉን ይለቀዋል።

«ዝግጁ ነው።»

ክዳኑን ይገጥማል። ከዕጣው በፊት ሣጥኑ ጠፍቶ ይብራ ይላል ደንቡ፤ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። አረንጓዴዋ ትበራለች። ጥበቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መቃኑን ይደገፋል፤ አንድ ትከሻው አዳራሹ ውስጥ፣ አንዱ እዚህ።

የሣጥኑ አዝራር ሲጫን ቁጥሩ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ እስኪወጣ ጥቂት ትንፋሽ ይፈጃል። ቴክኒሻኑ ይጫናል።

«ትጸልያለህ እንዴ ጋሼ? ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።»

«መቶ አራት!» ይላል ሰብሳቢው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ትጮሃለች፤ ሰዎች ያረጋጓታል።

ሁለተኛውን ይጫናል። አፉን አልከፈተም፤ እንዲያ ይመስለዋል። ከንፈሩ ግን ዘጠኝ ሲል ጥበቃው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል።

«ዘጠኝ!»

የጥበቃው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። ስለ ጸሎት ደግሞ አይጠይቅም። ቀስ ብሎ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ትከሻውን ወደ ክፍሉ ያስገባል።

«ቀጥል!» ይላል ሰብሳቢው።

ቴክኒሻኑ ሦስተኛውን ይጫናል። የታች ከንፈሩን ጥርሱ መሐል ከትቶ ይነክሳል። አዳራሹ ውስጥ ልጅ፣ ወላጅ፣ ሁሉም ወደ ሰሌዳው አንጋጧል። ጥበቃው ብቻ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ፣ የተነከሰውን ከንፈር እያየ ይጠብቃል።