የተመዘገበው ስልክ

የባሏ የላቀው አርባ እንደወጣ፣ ከነጥቁር ልብሷ ግራይንደሩን፣ የብረት መቁረጫ ማሽኑን፣ ወደገዙበት ሱቅ ሄደች። ላቀው የብረት በር እየሠራ ሳለ የግራይንደሩ መከለያ ተነቅሎ፣ የተሰበረው ዲስክ አንገቱን መታው። ለቅሶ የመጣ አንድ ብረት ሠራተኛ «የእኔን ግራይንደር እኮ ከዚያው ሱቅ ‹ችግር አለበት፣ መልስ› ብለው ደውለው ቀየሩልኝ» ካላት ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ባለሱቁ ሲያያት ብድግ አለ። «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እህቴ።»

«ማጽናናቱ ይቅርብኝ፣ ጋሽ ሙዘሚል። ስንገዛ ቁጥሬን ያስመዘገብኩት እኔ አይደለሁም? እሱ በዚያ ጩኸት መሃል ስልክ አይሰማም፣ ማሽኑ እክል ከተገኘበት ለእኔ ይደውሉ አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ሲደወል የእኔ ቁጥር ምን ሆኖ ቀረ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «አልቀረም። በምሳ ሰዓት ደወልኩልሽ። ያነሣው ግን ላቀው ነው። ‹ገባኝ፣ ይቺን በር ልጨርስና አመጣዋለሁ። ለእሷ ግን አደራ እንዳይነግሩብኝ፣ ከእጄ ነው የምትነጥቀኝ› ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።»

የአደጋው ዕለት ምሳ ሰዓት ትዝ አላት።

ያን ቀን ወጥ ልትጨምርለት ከጓዳ ስትመለስ፣ ስልኳን በእጁ ይዞ አይታው «ማን ነው?» ብላው ነበር።

«ተሳስተው ነው» አላት። ስልኩን መልሶ ቻርጅ ላይ ሰካና፣ አንዴ አጉርሷት ወደ ሥራው ሄደ።