የሂልዳ ስኮንና የዌና ቦርሳ

«ቦርሳሽን ክፈቺ!»

አዳራሹ ውስጥ ሻይ የሚጠጡት ሴቶች ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

የጮኸችው ሂልዳ ናት። ጎረቤቷን ዌናን በር ላይ ይዛታለች።

«ሂልዳ፣ እባክሽ... ውጪ እንነጋገር» አለች ዌና ቀስ ብላ።

«የምን ውጪ! እዚሁ ሁሉም ይይሽ!»

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው...

እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን በሚባል አውራጃ ባለች አንዲት መንደር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ቤታቸው የጋገሩትን ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ይጠጣሉ።

የጠረጴዛው መሃል የሂልዳ ነው። ከእናቷ የወረሰችው ቦታ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ስኮን ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ክሬምና ማርማላታ የሚቀባ ትንሽ ክብ የሻይ ዳቦ።

ከዚያ ዌና መጣች... ከጎረቤት አውራጃ ከኮርንዎል። ባሏ የሞተባት፣ ዶሮ የምታረባ፣ ከአፏ ክፉ የማይወጣ ሴት።

ስኮኗ ደግሞ... አፍ ውስጥ ይሟሟል!

ይባስ ብሎ ማርማላታውን ከክሬሙ በፊት ትቀባለች። ዴቨን ውስጥ! ክሬም ሳይቀድም ስኮን በማይበላበት አገር!

«ማርማላታ ከስር! ይቺ ሰው ናት?» አለች ሂልዳ ለባሏ ለሲሪል።

«ሆድ ገብቶ ይደባለቅ የለም እንዴ?» አለ ሲሪል ጋዜጣውን እያነበበ።

«አንተ የተተከለ ጥርስህን ጠብቅ!»

እውነቱን እንነጋገር... ሂልዳን ያንገበገባት ማርማላታው አልነበረም። ቅናት ነው።

ወይዘሮ ታከር፣ የሐሙስ ሻይ ኃላፊዋ፣ «የዌና እጅ ይባረክ» ባለች ቁጥር ሂልዳ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ቦታዬን ልትወስድብኝ ነው እያለች።

በጣም ያቃጠላት ደግሞ የራሷም ሳህን ሁሌ ባዶውን መመለሱ ነው።

«የኔን ጠራርገው ይበላሉ... የሚያመሰግኑት ግን እሷን! አያፍሩም?»

ሊጡን ስታቦካ የዌናን ስም እየጠራች ትደልቀዋለች።

«ሂልዳ... ሊጡ ምን አደረገሽ?» ይላል ሲሪል።

«ሻይህን ጠጣ!»

አንድ ሐሙስ ታዲያ፣ ሂልዳ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ ወደ አዳራሹ ማድቤት ስትመለስ...

ዌና ከሂልዳ ሳህን ስኮን እያነሳች ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየቻት!

«አሃ! ቤቷ እየወሰደች እየቀመሰች ሙያዬን ልትሰርቅ ነው ለካ!»

ሮጣ በር ላይ ያዘቻት... ቦርሳውን ነጠቀቻት። ስኮኖቹ ተዘረገፉ። አንዱ ወለሉ ላይ ጓ ብሎ ተንከባለለ።

«አያችሁ? ሌባ!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ታከር አንድ ነገር ልትል ስትል ዌና በዓይኗ ተማጽና አስቆመቻት።

«እውነቷን ነው» አለች ዌና፣ ፊቷ ቀልቶ። «ሰርቄ ነው። የሂልዳ ሙያ አስቀንቶኝ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ሂልዳ ደስታዋ ልክ አጣ! ከወለሉ ላይ አንዱን ስኮን አንስታ ቤቷ ወሰደችው። ሻይ አፈላች... የድሏን ልታጣጥም ተቀመጠች።

ዓይኗ ሁሌ ሰው ሳህን ላይ ስለነበር፣ የራሷን ስኮን ከቀመሰች ቆይታለች።

ነከሰችው... እምቢ አለ።

ሻይ ውስጥ ነክራ ነከሰችው... አሁንም እምቢ አለ።

«ሲሪል... እውነቱን ንገረኝ» አለች ድምጿ ቀንሶ።

ሲሪል ጋዜጣውን አጠፈ። «የኔ ውድ... ስኮን ብዙ ከነካካሽው ይደርቃል። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ዌና ከመጣች ወዲህ ግን ሊጡን እንደ ጠላት ነው የምትደበድቢው።»

«ታዲያ ሳህኔ እንዴት ባዶ ይመለስ ነበር?»

ሲሪል በመስኮት ወደ ዌና ግቢ አመለከታት።

ዌና የባለፈውን ሐሙስ የሂልዳን ስኮን ወተት ውስጥ አርሳ... ለዶሮዎቿ እየፈረፈረች ነበር።

ሂልዳ አጥሩ ድረስ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም።

«ለምን ሌባ ነኝ አልሽ?»

ዌና ቀና አለች። «ሳህንሽ ሳይነካ ሲቀር አየሁ። ቦታውን ያወረሰችሽ እናትሽ መሆኗን ነግረውኛል። ሂልዳ... እኔ ባሌ ሲሞት ቦታ ያጣሁ ሰው ነኝ። አንቺም እንድታጪ አልፈለግኩም። ስድቡ ያልፋል።»

ሂልዳ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

ያኔም እንኳ ቀናችባት... እንዲህ ያለ ልብ ስላላት ቀናችባት።

በቀጣዩ ሐሙስ ሂልዳ የእናቷን ቦታ ለቃ የዌናን ሳህን መሃል ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም ሰው ሁሉ እያያት አንድ ስኮን አንስታ ለሁለት ከፈለች...

መጀመሪያ ማርማላታውን ቀባች። ክሬሙን ከላይ።

የወይዘሮ ታከር ሲኒ አየር ላይ ቀረ!

«ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ማንም ያልበላው የኔ ድንጋይ ነው» አለች ሂልዳ። «ለእኔ ብላ ነው ሌባ የተባለችው። ይቅር በይኝ ዌና።»

ነከሰች። አኘከች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ደግሞ ይጣፍጣል... ታድለሽ!»

ወዳጆቼ... ቅናት መጀመሪያ የሚያበላሸው የራሳችንን እጅ ነው። እኛ ዓይኗ ላፈር የምንላት ሴት ደግሞ ገበናችንን እየሸፈነችልን ይሆናል።

እናንተስ... የቀናችሁበት ሰው ገበናችሁን ሲሸፍንላችሁ ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ? ያኔ ምን አላችሁት? ከታች ጻፉልን...