የማለዳ ምራቅ

ዶክተሩ የሰው ፊት አያምንም። ፊት ይዋሻል፣ ምራቅ ግን ይሉኝታ የለውም ባይ ነው። እሱ ዘንድ ከባድ ድባቴ የያዘው ሰው ገና ሲነቃ፣ አፉን ሳይጉመጠመጥ ብልቃጥ ውስጥ ይተፋል። ምራቁ ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ይለካል፤ መድኃኒቱ መሥራቱም በየሳምንቱ ከዚያው ይታወቃል።

ጡረታ የወጣውን ልብስ ሰፊ ያመጣችው ሚስቱ ናት።

"ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከተኛ ወር ሆነው" አለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ የሹራቧ ቁልፎች ቀዳዳ ስተዋል። ነርሷ የባል ሕመም የሚስትን ቁልፍ ሲያዛባ ብዙ አይታለች።

"እርስዎስ ደህና ነዎት?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ቆሜ እየሄድኩ አይደል?"

የመጀመሪያው ብልቃጥ ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ አፏጨ።

"እዚህ ቁጥር ላይ ላለ ሰው ካልሲ ማጥለቅ ራሱ ዳገት ነው። መድኃኒቱ ይጀመርለት። ብልቃጥ ያልመለሰ ወይም ያጭበረበረ ግን ከሕክምናው ይወጣል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው።"

ቁጥሩ በሦስተኛው ሳምንት ወረደ፤ በአምስተኛው ጭራሽ ተንኮታኮተ። ዶክተሩ ግራፉን እንደ ልጁ የምረቃ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሰውየው ግን ያው ነው። ነርሷ ቤቱ ሄዳ ብታናግረው ብርድ ልብሱን ጆሮው ድረስ ሳበ።

"ምራቁ ድኗል፤ ባለምራቁ ግን እንደተጋደመ ነው" አለችው ዶክተሩን።

"ፊት ቀርፋፋ ነው፣ ይደርሳል።"

ሚስትየው ደግሞ ብልቃጥ ስታመጣ መቀለድ ጀምራለች። "ዶክተር፣ የእርስዎ መላጣስ በምን ይለካል?" ትላለች። የወሩን ኪኒን በአሥራ አምስት ቀን ጨርሳ፣ "ውኃ ውስጥ ወደቀብኝ" ብላ ድጋሚ ትወስዳለች። ባሏ ተጋድሞ እሷ የምትስቅ ሴት፣ አንድ ነገር አላት። ነርሷ ጠረጠረች፦ ይህቺ ሴት በበሽተኛው ፋንታ የጤነኛ ምራቅ እያቀበለችን ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ነርሷ ማለዳ ሳታስታውቅ ቤታቸው ሄደች። ሚስትየው በሩን የከፈተችው ብልቃጡን ይዛ፣ ከንፈሯ እንደረጠበ ነው።

"እትዬ፣ የማን ምራቅ ነው?"

ሴትየዋ በሩን ተደገፈች። "ምን ላድርግ ሲስተር? ጥርሱን ነክሶ እምቢ አለኝ። ባዶውን ብመልስ ታባርሩታላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ኪኒኑንስ ይውጣል?"

"በየቀኑ እኔ ፊቱ አንድ ካልዋጥኩ አፉን አይከፍትም። የራሱን ይዋጠው፣ ምላሱ ሥር ይደብቀው እግዜር ይወቅ። ሲስተር በሞቴ፣ አታስወጪብኝ! ይሞትብኛል።"

ነርሷ መባረሩን ለራሱ ልትነግረው መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

"አባባ፣ ሁሉንም ደርሼበታለሁ። ለዶክተሩ መንገሬ አይቀርም።"

ልብስ ሰፊው ቀልጠፍ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ሚስቱ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ ለእኔ ብላ ካልሆነ እኮ የሐኪም ደጅ አትረግጥም ነበር፤ ለመሆኑ ስንት ሳምንት ቀራት? እኔ እንደሆነ በመተኛት ወገቤ አለቀ" አላት።